ያውቁ ኖሯል? ከጉና ሥር እስከ ጣና ወለል

ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ እንደሚነሡ ያውቁ ኖሯል? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከዚህ ተራራ ያጠቡትን አፈር ይዘው፣ ከደብረ ታቦር ግራና ቀኝ ወርደው፣ በደራና በፎገራ በኩል ጣና ይገባሉ። ክረምት ላይ የወንዞቹ አፍ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። በዚያ ዳርቻ በታንኳ ወጥቶ ከሐይቁ ወለል ዓሣ ለሚያጠምድ ሰው የትኛው ክር እንደሚበጅ የሚወስነውም ይኸው ድፍርስ ውኃ ነው።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር፣ ጥልቁ ቦታም 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ረጅም ክር ጠቅልሎ መሸከም ትርፍ ድካም ነው። ማስመጫውም ቀላል ይሁን፤ ከባድ እርሳስ ጭቃው ውስጥ ይቀበርና መንጠቆውን ይዞት ይገባል።

ክር ሁሉ እንደማይሰምጥስ? የተጎነጎነው የፖሊኢትሊን ክር ከውኃ ስለሚቀል (የውኃ እፍግታ 1 ቢሆን የእሱ 0.97) ይንሳፈፋል፤ ናይለን (1.14) ቀስ ብሎ፣ ፍሎሮካርቦን (1.78) ፈጥኖ ይወርዳል።

የጉንጉኑ ክር ቁስ ጥይት መከላከያ ሰደርያም ይሠራበታል። እምብዛም ስለማይለጠጥ፣ እታች አምባዛ የመንጠቆውን ትል ገና ስትነካው እጅ ላይ ይሰማል። ናይለን ግን ይለጠጣል፣ ውኃ ሲጠጣም ጥንካሬው ይቀንሳል። ለዋናው ክር እኔ ጉንጉኑን እመርጣለሁ።

ፍሎሮካርቦን «ዓሣ አያየውም» ተብሎ በውድ ይሸጣል። ነገሩ መሠረት አለው፦ ውኃ ብርሃንን የሚሰብርበት መጠን 1.33፣ የፍሎሮካርቦን 1.42፣ የናይለን ደግሞ ከ1.5 በላይ ነው። ለውኃ የቀረበው ይበልጥ ይሰወራል። በጠራ ውኃ ይጠቅማል፤ ጉማራ አፍ ላይ ግን ደለሉ የትኛውንም ክር ስለሚሸፍን ለዚያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

እዚያ የሚያስፈልገው ውፍረት ነው። አምባዛ የሚቆርጥ ጥርስ የላትም፤ አፏ ውስጥ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ግን ክርን እንደ ሞረድ ይፍቃሉ። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ ያለችው የመጨረሻዋ ግማሽ ሜትር ወፍራም ናይለን ትሁን። አንድ አምባዛ በወጣ ቁጥር ያቺን ክር በሁለት ጣት መሐል አሳልፈው ይዳስሷት፤ ከሻከረች ቆርጠው እንደገና ይሰሩ። ቋጠሮውን ከማጥበቅዎ በፊት በምራቅ ያርጥቡት፤ ደረቅ ናይለን ሲፋተግ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ይደክማል።

እርሳሱንስ ለብቻው በቀጭን ክር ቢያስሩት? ድንጋይ ሥር ቢወሸቅ የሚበጠሰው ያ ቀጭኑ ብቻ ይሆናል፤ ዓሣውም መንጠቆውም ይተርፋሉ። ናይለን በቀላሉ ስለማይበሰብስ፣ ሐይቁ ውስጥ የሚቀረው ክር ባጠረ ቁጥር ለወፉም ለዓሣውም ይሻላል።

የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ተስቦ መድረቅ አለበት። ታንኳ ቀላል ናትና ትልቅ ዓሣ ሲይዙ በጎን ሳይሆን በአፍንጫዋ በኩል ይጎትቱ፤ በጎን ከሳቡ ልትገለበጥ ትችላለች።

በጣና 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። 8ቱ መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖራቸው ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ፤ የሚፈጩት በጉሮሯቸው ነው። ከነጭ ዓሣ ዝርያዎቹ በርካቶቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰቡም መረብ ይጠብቃቸዋል። ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና የመጡት እ.ኤ.አ. በ1986 ነበር። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት ብቻ የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ አሽቆለቆለ።

መረብ ውስጥ ያደረች ዓሣ ታፍና ትሞታለች። በመንጠቆ የወጣችውን ግን መመለስ ይቻላል፦ የመንጠቆውን ሾህ አስቀድመው በፒንሳ ይጨፍልቁ፣ እጅዎን አርጥበው ይያዟት፣ ሆዷ በእንቁላል ከተወጠረ ታንኳ ላይ ሳያወጧት እዚያው ውኃው ውስጥ ያላቅቋት።