መጽሐፍ በጆሮ፦ ሚሞሪ ሻጩም ገዢውም ሊያውቁት የሚገባ

በገበያችን ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ የሚሸጠው እንደ እህል በመጠን፣ ማለትም በጊጋባይት ነው። ገዢው "ስንት ይይዛል?" ይላል፣ ሻጩ "ሠላሳ ሁለት" ይላል፣ ዋጋ ይቆረጣል። ዘፈን ለሚያስጭን ሰው ይህ ሊበቃ ይችላል። የተተረከ መጽሐፍ ለሚያስጭን ግን ጥያቄው ሌላ ነው። ምዕራፎቹ በተራቸው ይሰማሉ ወይ? ማጫወቻው ጠፍቶ ሲበራ ካቆመበት ይቀጥላል ወይ? የመጨረሻው ምዕራፍስ በእርግጥ ካርዱ ላይ አለ ወይ? ዕቃ የሚያስመልሱትና ደንበኛ የሚያሸሹት እነዚህ ናቸው።

መጽሐፍን በጆሮ ማድመጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ገጹን ሳይገልጥ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማው ሕዝብ ብዙ ነው። የተለወጠው ዕቃው ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኦዲብል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለመጽሐፍ ተብሎ የተሠራ የኪስ ማጫወቻ ለገበያ ሲያቀርብ፣ ዕቃው 4 ሜጋባይት ያህል ማኅደር ነበረው፤ የሚይዘውም ቢበዛ የሁለት ሰዓት ንባብ ነበር። አፕል የመጨረሻውን አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2022 ከምርት ካስወጣ ወዲህ ዋናው ማጫወቻ ስልክ ሆኗል። ቢሆንም ሚሞሪ የሚቀበሉ ትናንሽ ማጫወቻዎች፣ የእጅ ስፒከሮችና የመኪና ቴፖች ዛሬም ገዢ አላቸው። ዓይናቸው የደከመ አባትና እናት ያሏቸው ሰዎች፣ እንዲሁም ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ የሚውሉ ሹፌሮች ከስልክ ይልቅ ቁልፉ ጥቂት የሆነውን ዕቃ ይመርጣሉ።

ከስሌቱ እንጀምር። ኤምፒስሪ ፋይል ቦታ የሚወስደው በሰከንድ በተመደበለት የኪሎቢት መጠን ልክ ነው። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ያህል ሲወስድ፣ በ64 ኪሎቢት የተቀዳው 29 ሜጋባይት ይበቃዋል። ዘፈን በ64 ኪሎቢት ቢቀዳ ጆሮ ይቀየማል። አንድ ሰው ብቻውን ሲያነብ ግን ግራና ቀኝ የሚለይ ድምፅ ስለማያስፈልግ፣ በሞኖ 64 ኪሎቢት ጥሩ ነው። ሊብሪቮክስ የተባለው የበጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ድርጅትም የመብት ጊዜያቸው ያለፈ መጻሕፍትን በነጻ ሲያቀርብ በ64 እና በ128 ኪሎቢት ነው። በዚህ ሒሳብ የ20 ሰዓት ልብ ወለድ 580 ሜጋባይት ያህል ይሆናል፤ ባለ 32 ጊጋባይት ካርድ ደግሞ ሃምሳ ያህል እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ይይዛል። ስለዚህ ለመጽሐፍ አድማጭ ባለ 256ቱን መግዛት በአብዛኛው ከንቱ ወጪ ነው።

እንዲያውም ትልቁ ካርድ ሌላ ጣጣ ያመጣል። እስከ 32 ጊጋባይት ያሉት ካርዶች ፋት 32 በሚባለው አደረጃጀት ተዘጋጅተው ሲመጡ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ኤክስፋት በሚባለው ይመጣሉ። የቆዩ ማጫወቻዎችና ብዙዎቹ የመኪና ቴፖች ኤክስፋትን አያነቡም። ገዢው ካርዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል፣ ሻጩ ደህና ነው ብሎ ይከራከራል። የሁለቱም እውነት ነው።

የምዕራፍ ተራ ጉዳይ

አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው። ማጫወቻው ፋይሎችን በስማቸው ቅደም ተከተል ሲደረድር የሚያየው ፊደልን እንጂ ቁጥርን አይደለም። ስለዚህ "1" ካለቀ በኋላ የሚከተለው "2" ሳይሆን "10" ነው፤ ከዚያ "11"፣ ከዚያ "12"። አድማጩ ገና ጀግናው ሳይወለድ ቀብሩን ይሰማል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፋይሎቹን 001፣ 002፣ 003 ብሎ መሰየም። (የግዕዝ ቁጥር በዚህ ረገድ የሚገርም ነው። ፲ ራሱን የቻለ ፊደል ስለሆነ ከ፱ በኋላ በትክክል ይሰለፋል፤ እስከ መቶም ተራውን አይስትም። ችግሩ ርካሾቹ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው በምትኩ ባዶ ሣጥን መደርደራቸው ነው። የፋይሉ ስም በዓረብኛው ቁጥርና በላቲን ፊደል ቢሆን ይመረጣል።)

በጣም ርካሾቹ ስሙንም አያዩም፤ የሚያጫውቱት ካርዱ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው። ለእነዚህ ፋይሎቹን ከ001 ጀምሮ በቅደም ተከተል መገልበጥ ግድ ነው። አንድ ምዕራፍ ተረስቶ ኋላ ቢጨመር መጨረሻ ላይ፣ ወይም ቀደም ሲል በተሰረዘ ፋይል ቦታ ይገባል። ስለሆነም የጎደለውን ብቻ ከመለጠፍ መጽሐፉን ጠቅላላ አጥፍቶ እንደገና መጫን ይሻላል።

ሻል ያሉት ደግሞ የፋይሉን ስም ትተው በውስጡ የተጻፈውን መለያ ያነባሉ። ይህ መለያ የደራሲ፣ የመጽሐፍ ርዕስና የተራ ቁጥር ቦታ አለው። ያልተሞላ እንደሆነ ሃምሳው መጽሐፍ "ያልታወቀ" በሚል አንድ ክምር ውስጥ ይገባል። ኤምፒስሪታግ የተባለው ፕሮግራም የአንድን መጽሐፍ ምዕራፎች በአንድ ጊዜ ይሞላል። ለእያንዳንዱ ደራሲ አንድ ፎልደር፣ በውስጡም ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ፎልደር ማድረግ ለሁሉም ዓይነት ማጫወቻ ይሠራል።

ካቆመበት መቀጠልን በተመለከተ በወረቀት የተጻፈውን ማመን አይገባም። ገዢው ሱቁ ውስጥ እንዳለ አንድ ረጅም ፋይል ከፍቶ፣ መሐል አድርሶ፣ አጥፍቶ ያብራው። እንደ ሳንዲስክ ክሊፕ ያሉት ለመጽሐፍ የተለየ ፎልደር ስላላቸው እዚያ የገባውን ያስታውሳሉ፤ በዘፈን ፎልደር ውስጥ ያለውን ግን እንደ ዘፈን ያዩታል። ጭራሽ ለማያስታውሱት፣ ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ምዕራፉን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባሉ ክፍሎች መቁረጥ ይቻላል። ያኔ አድማጩ ቢጠፋበት የሚጠፋበት ጥቂት ደቂቃ ነው።

ሐሰተኛው ካርድ

ላዩ ላይ 512 የተጻፈበት፣ ኮምፒዩተርም 512 ብሎ የሚያነበው፣ ውስጡ ግን 16 ብቻ የሆነ ካርድ አለ። ተንኮሉ ሲጭኑት አለመታወቁ ነው። ከእውነተኛው መጠን በላይ የተገለበጠው ሁሉ ስሙ ይታያል፣ ይዘቱ የለም። ዘፈን የጫነ ሰው አንድ ሁለቱ ቢጎድል ያልፈዋል። መጽሐፍ የጫነው ግን አሥራ ስምንት ሰዓት ሰምቶ የመጨረሻውን ሁለት ሰዓት ያጣል። በጅምላ የሚያስመጣ ነጋዴ ከእያንዳንዱ ካርቶን ጥቂት ካርዶች አውጥቶ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ይፈትን። ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ለዚሁ የተሠራና ነጻ ነው። ፈተናው ሰዓታት ይፈጃል፤ ገንዘቡ ከተላለፈ በኋላ ከሚመጣው ክርክር ግን ያንሳል።

ሕጉስ?

ኤምፒስሪን በሚመለከት የነበረው የፓተንት ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2017 ስላበቃ በዚህ በኩል ሥጋት የለም። ሥጋቱ ያለው በይዘቱ ላይ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት አዋጁ በወጣበት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ድርሰቶቻቸው እስከ 2046 ዓ.ም. ባለቤት አላቸው ማለት ነው። አዋጁ ሲወጣ መብትን ሆን ብሎ ለሚጥስ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ደንግጎ ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏልና ሥራውን የሚጀምር ሰው ሁለቱንም ቢያነብ ይበጀዋል። "እኔ የጫንኩበትን ጉልበት ነው ያስከፈልኩት" የሚለው የሞባይል ቤቶች መልስ ፍርድ ቤት የሚያዋጣ አይመስለንም።

በሕጋዊ መንገድ የተጫነ ካርድ ለመሸጥ የሚያስብ ከደራሲው ወይም ከወራሾቹ ጋር ብቻ ተዋውሎ ከመጣ ሥራው ግማሽ ነው። ተራኪውና ድምፁን የቀረጸው አካል የየራሳቸው መብት አላቸው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት ካርድ እንደሚጫን፣ በየትኛው አገር እንደሚሸጥና ለስንት ዓመት እንደሆነም ይለይ። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ አከፋፋይ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ወረቀት ነው።