ስለ እንሰት ጥቅምና ስለ ዐይነቶቹ አጠባበቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ተጕዞ ወልቂጤ የደረሰ መንገደኛ፥ ከከተማው ወጥቶ ወደ ጉራጌ መንደሮች ሲገባ፥ በቤቶቹ ፊት ጀፎረ የሚባለውን ሰፊ መስክ፥ በየጓሮው ደግሞ የእንሰቱን ተክል ያያል። እንሰት መልኩ ሙዝ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው እንጂ ፍሬው አይደለም። ዱር በቀሉ እንሰት በሌላውም የአፍሪካ አገር ይገኛል፤ አልምቶ የዘወትር ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ሰው ነው።

በጉራጌ ልማድ ችግኙን መትከልና ከቦታ ወደ ቦታ ማዛወር የወንዶች ሥራ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በደረሰ ጊዜ ሥራው ወደ ሴቶች ያልፋል። እነርሱም ግንዱን ፍቀው ሥሩንም ከትክተው፥ ቅጠል በተነጠፈበት ጕድጓድ ይቀብሩታል፤ በተብላላም ጊዜ ቆጮ ይሆናል። ከፍቁ ተጨምቆ የሚረጋው ነጩ ቡላ ነው፤ ሥሩ ተቀቅሎ ሲበላ አሚቾ ይባላል። የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ለገመድና ለጆንያ ይውላል። ቅጠሉም ለመጠቅለያና ለከብት መኖ ያገለግላል። ስለዚህ ከእንሰት የሚጣል የለም ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይልቁንም ልናስተውለው የሚገባን፥ እንሰት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። እያንዳንዱ ዐይነት የራሱ ስም አለው፤ አንዱ ለቆጮ፥ አንዱ ለቃጫ፥ አንዱም ለመድኀኒት ይመረጣል። ጓርየና አስታራ የተባሉት፥ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይጠግነዋል ተብለው የሚታመኑ ናቸው። ስብራትን ለሐኪም ማሳየት ግድ ቢሆንም፥ አባቶችና እናቶች በብዙ ዘመን ያገኙትን ዕውቀት መናቅ አይገባም። ይህም ዕውቀት በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ፥ ቅጠሉንና ግንዱን አይተው በሚለዩት እናቶች ዘንድ ይበዛል።

አጠውልግ የተባለው የእንሰት በሽታ ለዚህ ሀብት ብርቱ ጠላት ነው። ሊቃውንት ምክንያቱን መርምረው የጻፉት በ1968 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። የሚያመጣው በዐይን የማይታይ ባክቴሪያ ሲሆን፥ የታመመውን በቈረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ይተላለፋል። የሚያድን መድኀኒት ስለሌለው፥ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ማጥራት ይገባል። ለመድኀኒት የሚሆነው ዐይነት ብዙውን ጊዜ በጥቂቱ ስለሚተከል፥ ሁለት እግር ብቻ ካለው ጓሮ በሽታ ሁለቱን ቢወስድ፥ ተክሉ ከነስሙ ከዚያ ቤት ይጠፋል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በየከተማው የተበተነው የጉራጌ ልጅ ለመስቀል በዓል ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ፥ ክትፎውን በቆጮ በልቶ ብቻ ባይመለስ መልካም ነው። እናቱን ወደ ጓሮ አስከትሎ የእያንዳንዱን ስምና ጥቅም ይጠይቃት፤ የነገረችውንም በደብተር ይጻፍ። ከጎረቤት ችግኝ ለምኖ የጐደለውን ዐይነት ቢተካላት ደግሞ፥ ለእርሷ ካመጣላት ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለናል።