ወደ ምሕዋር የሚያወጡ መንገዶች፦ ከሮኬት እስከ ጠፈር አሳንሰር

ወደ ምሕዋር መውጣት ከፍ የማለት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከከፍታው ይልቅ የሚከብደው ፍጥነቱ ነው። ጠፈር ይጀምርበታል ተብሎ በተለምዶ የተወሰነው ድንበር ከባሕር ወለል 100 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ይህ ርቀት ከጎንደር እስከ ደባርቅ ካለው የመኪና መንገድ ብዙም አይለይም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታም ጎንደርን ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ከሚያራርቀው አይበልጥም። እዚያ ከፍታ ላይ ደርሶ የሚቆም ነገር ግን ወዲያው ተመልሶ ይወድቃል። እንዳይወድቅ በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ጎን መሮጥ አለበት፤ ያን ጊዜ መውደቁን ሳያቆም የምድር ክብነት ከሥሩ እየሸሸ ስለሚሄድ መሬት ሳይነካ ይዞራል። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ መንኮራኩር ከጎንደር ሰማይ ተነሥቶ ባሕር ዳር ሰማይ ላይ ለመድረስ 15 ሰከንድ ይበቃዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ጉልበት ሲሰላ ያልተጠበቀ ውጤት ይገኛል። ብክነት የሚባል ነገር ባይኖር፣ አንድ ኪሎ ግራም ዕቃ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ለማንሣትና በምሕዋር ፍጥነት ለማስሮጥ 9.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ኤሌክትሪክ ይበቃል። 3.5 ኪሎ ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው የሚጨርሰው ኃይል ማለት ነው። ይሁንና አንድ ኪሎ ዕቃ ወደ ምሕዋር ለመላክ የሚከፈለው በሺህ በሚቆጠር ዶላር ነው። ከሮኬት ሌላ መንገድ የሚፈልጉ መሐንዲሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ልዩነት ነው።

ልዩነቱን ያመጣው የሮኬት ተፈጥሮ ነው። ሮኬት ወደ ፊት የሚገፋው የራሱን አካል በጋዝ መልክ ወደ ኋላ እየተፋ ስለሆነ ነዳጁንም፣ ነዳጁ የሚቃጠልበትን ኦክስጅንም ተሸክሞ ይነሣል። የሚተፋው ጋዝ በሰከንድ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ሜትር ይፈጥናል፤ የአየር ግጭቱና የስበት ኪሳራው ሲደመር ግን ከሮኬቱ የሚፈለገው በሰከንድ ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ዕቃውን ለማንሣት ነዳጅ፣ ያን ነዳጅ ለማንሣት ደግሞ ሌላ ነዳጅ ያስፈልጋል። ሩሲያዊው መምህር ኮንስታንቲን ፂዮልኮቭስኪ ይህን እ.ኤ.አ. በ1903 ባሳተመው ስሌት አሳይቷል፤ ስሌቱን እስከ ዛሬ ያመለጠ ሮኬት የለም። ከማስወንጨፊያው ከሚነሣው ክብደት ከመቶ 90 ያህሉ ነዳጅና ኦክስጅን ነው፤ ምሕዋር የሚደርሰው ጭነት ከመቶ ከሁለት እስከ አራት እጅ ቢሆን ነው።

የኢትዮጵያ ሳተላይቶችም የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። የመጀመሪያዋ ኢቲአርኤስኤስ-1፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን የመሬት ምልከታ ሳተላይት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው የታይዩዋን ጣቢያ በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት መጠቀች። ሁለተኛዋና አነስተኛዋ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ከዌንቻንግ ጣቢያ በሎንግ ማርች 8 ሮኬት የመጀመሪያ በረራ ተላከች። ሁለቱም ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተዳብለው ነው የሄዱት፤ የራሱ ማስወንጨፊያ የሌለው አገር በሌላው ሮኬት ላይ ቦታ ይገዛል ወይም በትብብር ያገኛል።

አገሪቱ የምትገኝበት ቦታ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት የምድርን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ይህ ስጦታ በምድር ወገብ ላይ በሰከንድ 465 ሜትር ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ባለችው ጎንደር 454 ሜትር ይሆናል፤ 46 ዲግሪ ገደማ ላይ ባለው በካዛኪስታኑ ባይኮኑር ግን ወደ 323 ሜትር ይወርዳል። ጎረቤት ኬንያ ይህን አይታዋለች። ጣሊያኖች በማሊንዲ አቅራቢያ ባሕር ውስጥ በተከሉት የሳን ማርኮ መድረክ ላይ፣ ከምድር ወገብ ሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ርቀው፣ ከ1967 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ስካውት ሮኬቶች ሳተላይት ሲያመጥቁ ኖረዋል። በራጅ ጨረር ሰማይን ለመቃኘት የተላከችው የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከዚያው ተነሣች፤ ቀኑ የኬንያ የነጻነት በዓል ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 እ.ኤ.አ. ስለነበር ኡሁሩ ተባለች። የሳን ማርኮ ብልሃት ግን ከምድር ወገብ መቅረቡ ብቻ ሳይሆን በስተምሥራቁ ባዶ ውቅያኖስ መኖሩ ነበር። በአንጻሩ ከኢትዮጵያ የሰሜን ተራሮች ወደ ምሥራቅ የሚወነጨፍ ሮኬት የሚጥላቸው ነዳጃቸውን የጨረሱ ክፍሎች (እርከኖች) የሚወድቁት በተከዜ ሸለቆ፣ በዋግ ኽምራ፣ በትግራይና በአፋር፣ ሰው በሚኖርበት መሬት ላይ ነው።

ከወደፊቱ መንገዶች ዛሬውኑ በሥራ ላይ ያለው ሮኬቱን ከጥቅም በኋላ አለመጣል ነው። ተመላላሾቹ የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩሮች (ስፔስ ሻትል) ከ1981 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. 135 ጊዜ ቢበሩም ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ የሚጠይቁት እድሳት ወጪውን አልቀነሰውም። የአሜሪካው ኩባንያ ስፔስኤክስ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. የፋልከን 9 ሮኬትን የታችኛ እርከን በእግሩ አቁሞ አሳረፈ፤ አሁን አንድ እርከን ከ30 ጊዜ በላይ ደጋግሞ የሚበርበት ደረጃ ደርሷል። በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የኩባንያው ስታርሺፕ ሮኬት ግዙፍ የታችኛ እርከን ተመልሶ ሲወርድ የማስወንጨፊያው ግንብ በብረት ክንዶቹ ቀለበው። ይህ ዘዴ የፂዮልኮቭስኪን ስሌት አይሽርም፤ የሚያድነው ነዳጁን ሳይሆን ማሽኑን ነው። ነዳጅ ከሮኬት ዋጋ ትንሹ ክፍል ስለሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው።

ሌላው ወገን ጉልበቱን ከናካቴው ምድር ላይ መተው ይፈልጋል። ቀላሉ ሐሳብ መድፍ ነው። ኒውተን ራሱ ምሕዋርን ያስረዳው ከረጅም ተራራ አናት ላይ በተተኮሰ የመድፍ አረር ነበር። በ1960ዎቹ ካናዳዊው ጄራልድ ቡል ከባሕር ኃይል የመጡ ባለ 406 ሚሊ ሜትር መድፎችን አፈሙዝ እየቀጠለ በባርቤዶስና በአሜሪካ ዩማ በረሃ ሞከረ፤ በኅዳር 1966 እ.ኤ.አ. ከዩማ የተተኮሰው አረር 180 ኪሎ ሜትር ከፍታ ደረሰ። ጠፈር ነካ እንጂ ምሕዋር አልገባም፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 2.1 ኪሎ ሜትር ብቻ ስለነበር ተመልሶ ወደቀ። ቡል ኋላ ለኢራቅ ከዚህ የሚበልጥ መድፍ ሲሠራ በመጋቢት 1990 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ውስጥ ተገደለ። ትልቅ መድፍ ከጠቀሜታው ይልቅ ዝናው ሲበልጥ በጎንደር በኩልም የታወቀ ነው፦ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያስቀለጡት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል፣ በስንት መከራ ተጎትቶ መቅደላ ወጥቶ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል።

መድፉን በወንጭፍ የተካው የአሜሪካው ስፒንሎንች ነው። ኩባንያው በኒው ሜክሲኮ በተከለው፣ አየሩ በተመጠጠ 33 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ክፍል ውስጥ አረሩን እያሽከረከረ ይለቀዋል፤ የመጀመሪያው ሙከራ በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ተደረገ። ችግሩ ሽክርክሪቱ የሚፈጥረው ጫና ነው፤ ከምድር ስበት 10 ሺህ እጥፍ ስለሚሆን አንድ ኪሎ የሚመዝን ዕቃ 100 ኩንታል እንደተጫነው ይሆናል። በልኩ የተሠራ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ይችለዋል፤ ሰው አይታሰብም።

ሰው እንዲችለው መፍጠኑ ቀስ ያለ፣ መንገዱም ረጅም መሆን አለበት። የጫናው መጠን ከምድር ስበት ሦስት እጥፍ እንዳያልፍ ከተፈለገ፣ በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 1 ሺህ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይፈልጋል፤ ከጎንደር በቀጥታ ወደ ደቡብ ቢዘረጋ ድንበር አልፎ ኬንያ ይገባል። 30 እጥፍ ለሚችል ዕቃ ግን 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበቃል። ለባቡር የሚሆን የሱፐርኮንዳክተር ማግኔት ሐሳብ ካፈለቁት አንዱ የሆነው ጄምስ ፓወል ስታርትራም ብሎ የነደፈው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው፦ አየሩ የተመጠጠ 130 ኪሎ ሜትር ዋሻ፣ መውጫው 6 ሺህ ሜትር ከፍታ ባለው ተራራ ላይ። ከፍታው የተመረጠው በዚያ ፍጥነት ወጥቶ ከአየር ጋር የሚጋጭ ነገር ስለሚጋይ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ቃጠሎው ስለሚቀንስ ነው። በሰሜን ተራሮች ያለው ራስ ዳሽን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 63 ያህል ይሆናል። ይረዳል፣ አይበቃም። ዋልያና ጭላዳ የሚኖሩበትን፣ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለእንዲህ ያለ ዋሻ መቦርቦር ደግሞ አይመከርም።

ያለ እርከን ብቻቸውን ምሕዋር ለመግባት የታሰቡ የጠፈር አውሮፕላኖች ከሁሉ የሚያምሩና ከሁሉ ያልታደሉ ናቸው። የዚህ መሞከሪያ የነበረው፣ በሮኬት የሚሠራው የአሜሪካው ኤክስ-33 በ2001 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ። ስካይሎን የተባለውን፣ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ የሚወጣ አውሮፕላን የነደፈው የእንግሊዙ ሪአክሽን ኢንጂንስም በ2024 እ.ኤ.አ. ከሰረ። ዕቃውን ከምድር በሚላክ የሌዘር ጨረር የሚገፋው መንገድ ከዚህም ያነሰ ሄዷል፤ ሊክ ማይራቦ በ2000 እ.ኤ.አ. ያስነሣት ትንሽ ዕቃ 71 ሜትር ወጥታ ነው ያበቃችው።

ከሁሉም በላይ ሐሳብ የሚስበው የጠፈር አሳንሰር ነው። ጎንደር ጣሪያ ላይ የተተከለ ዲሽ አንድ ጊዜ ወደ ቴሌቪዥን ሳተላይቱ ናይልሳት ከተስተካከለ በኋላ ንፋስ ካልነካው ሲግናሉ አይጠፋም፤ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35 ሺህ 786 ኪሎ ሜትር ላይ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር በሰማይ ላይ የቆመ ይመስላል። ከእንዲህ ያለ ቦታ ገመድ ወደ ታች ቢለቀቅና ምድር ቢነካ፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅም ሌላ ገመድ ከላዩ ወደ ውጭ ቢዘረጋ፣ የታችኛው ክፍል በስበት፣ የላይኛው በሽክርክሪቱ ኃይል እየተሳበ ገመዱ ተወጥሮ ይቆማል። ፂዮልኮቭስኪ በ1895 እ.ኤ.አ. የኤፍል ግንብን ተመርኩዞ ጠፈር ድረስ የሚደርስ ማማ አሰበ፤ ከላይ የሚወርደውን ገመድ ያሰበው ግን ሌላው ሩሲያዊ ዩሪ አርትሱታኖቭ ነው፣ በ1960 እ.ኤ.አ. በጋዜጣ ላይ። አሜሪካዊው ጄሮም ፒርሰን በ1975 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን በሳይንሳዊ መጽሔት አወጣ፤ አርተር ክላርክ በ1979 እ.ኤ.አ. ልብ ወለድ ጻፈበት። የጃፓኑ የግንባታ ኩባንያ ኦባያሺ በ2012 እ.ኤ.አ. 96 ሺህ ኪሎ ሜትር ገመድ ያለው አሳንሰር በ2050 እሠራለሁ ብሎ ዕቅዱን አስታወቀ። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚወጣው መኪና የሳተላይቱ ከፍታ ላይ ለመድረስ ሰባት ቀን ተኩል ይፈጅበታል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከአሳንሰሩ 400 ኪሎ ሜትር ላይ ወርዶ የሚለቀቅ ዕቃ ምሕዋር አይገባም፤ በዚያ ከፍታ ገመዱ ገና ቀርፋፋ ስለሆነ ዕቃው በቀጥታ ይወድቃል። ሲለቀቅ ከባቢ አየር ሳይነካ ምድርን መዞር እንዲችል ከ23 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ፍጥነቱን የሚሰጠው ገመዱ ራሱ ነው፤ ገመዱም ከምድር ሽክርክሪት ይወስዳል።

እንቅፋቱ ገመዱ የሚሠራበት ነገር ነው። ጠንካራ የብረት ሽቦ ቁልቁል ቢንጠለጠል 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በራሱ ክብደት ይበጠሳል፤ ኬቭላር የተባለው ሰው ሠራሽ ክር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ይችላል። ውፍረቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ለሆነ የአሳንሰር ገመድ የሚጠየቀው ጥንካሬ ግን 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስንጠለጥል ነው። በወረቀት ላይ ወደዚህ የሚጠጋው ካርቦን ናኖቲዩብ የተባለው እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ ነው፤ ከነዚህ ነጠላ ቱቦዎች የቻይናው ሲንግዋ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳወቀው ረጅሙ ግማሽ ሜትር ያህል ነበር። የመትከያው ቦታም ይመረጣል። ከምድር ወገብ የራቀ መሠረት ገመዱን ያጋድለዋል፤ መብረቅ ደግሞ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ዕቅድ አውጪዎች የሚመርጡት በምድር ወገብ ላይ ያለውን፣ መብረቅ እምብዛም የማያውቀውን የፓስፊክ ውቅያኖስ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነጎድጓድ የማያጣው የጎንደር ደጋ በሁለቱም መመዘኛ ይወድቃል።

ቁሳቁስ ያልገደባቸው ጥቂት ሐሳቦች አሉ፤ ግዝፈታቸው ግን ያስደነግጣል። ኪት ሎፍስትሮም በ1980ዎቹ የነደፈው የማስወንጨፊያ ቀለበት 2 ሺህ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በውስጡ በሰከንድ 14 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ብረት በራሱ ሩጫ መዋቅሩን 80 ኪሎ ሜትር ከፍ አድርጎ ይይዘዋል። ፖል በርች በ1982 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ደግሞ ምድርን በሙሉ የሚከብ ቀለበት ነው። አነስ ያለው በምሕዋር ላይ እየተሽከረከረ ጫፉን ወደ አየር የሚሰድ ገመድ ነው፤ በፈጣን አውሮፕላን የመጣውን ጭነት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነጥቆ ያወጣል ተብሎ ይታሰባል። ገመድ በጠፈር እንዴት እንደሚያስቸግር በ1996 እ.ኤ.አ. ታይቷል፦ ኮሎምቢያ ከተባለው የአሜሪካ መንኮራኩር የተዘረጋው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ገመድ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ተቃጥሎ ተበጠሰ።

ከእነዚህ ሁሉ በዚህ ትውልድ ዋጋውን የሚያወርደው ተመላሹ ሮኬት ነው። ቀጥሎ ተስፋ ያለው ጫና ለሚችል ዕቃ የሚሆን የማግኔት ሐዲድ ሲሆን፣ አሳንሰሩ ገመዱ ሳይፈተል ቀን ሊቆረጥለት አይችልም። ኢትዮጵያም የሚቀጥሉ ሳተላይቶቿን የምትልከው በሌሎች ሮኬት ነው፤ ዋጋው በወረደ ቁጥር ተጠቃሚ የሚሆኑት ማስወንጨፊያ ያላቸው አገሮች ብቻ ሳይሆኑ ሳተላይቱን ራሳቸው መሥራት የቻሉትም ናቸው።