ሽኮኮ ቢያብር ዘንዶ ያስር

“ካርታ” ሲባል የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለው የቤት ካርታ ነው። ዕድሜው እንደ እኔ ከሃምሳ ያለፈው ደግሞ ጆከሩና ንጉሡ ያሉበት የመጫወቻ ካርታ ይታወሰዋል። ዛሬ የማነሣው ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። በላዩ ላይ ጠንቋይ፣ ዘንዶ፣ አዎን፣ ሽኮኮም ሳይቀር የተሳለበት፣ በተለያዩ አገሮች ወጣቶችና ጎልማሶች የሚሰበስቡት፣ የሚለዋወጡትና የሚፋለሙበት ካርታ ነው።

ጉዳዩን ያመጣብኝ ቀይ አፈር የሚያስተምር የእህቴ ልጅ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመዱ አንድ ካርቶን ሙሉ የተቀላቀለ ካርታ ሰጠው። ከተማሪዎቹ ጋር ሲጫወት ከረመና “ጋሼ፣ የሽኮኮ ዴክ መሥራት ፈልጌያለሁ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካለ ጥቂት እሽግ ያስገዙልኝ” ሲል ደወለልኝ። የመምህር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ “እሺ” ከማለቴ በፊት ነገሩን ላጥና አልኩ።

ስለ ስሙ አንድ ቃል ልበል። በአማርኛ ሽኮኮ የምንለው በአንድ በኩል በቋጥኝ መካከል የሚኖረውን ጭራ የለሽ እንስሳ ነው። በሌላ በኩል ጭራው ጎፈር ያለውን፣ ፈረንጆቹ “ስኩረል” የሚሉትንም በዚያው ስም እንጠራዋለን። የካርታው ሽኮኮ ይህ ሁለተኛው ነው። በደቡብ ኦሞ ቆላማ ቦታዎች ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር ዘመድ አለው። የቀይ አፈር ተማሪዎች ከዘንዶው ይልቅ ሽኮኮውን መምረጣቸው አይገርምም።

ጨዋታው “ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ” ይባላል። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር ፈጥሮት፣ “ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት” የተባለ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ አቀረበው። ሁለቱ ተጫዋቾች እንደ ተለመደው ካርታ ከአንድ ክምር አይስቡም። እያንዳንዱ አስቀድሞ መርጦ ያዘጋጀውን የራሱን ክምር ይዞ ይቀርባል። ዴክ የሚባለው ይህ ክምር ነው። በተለመደው ዓይነት ቢያንስ 60 ካርታ ይኖረዋል። ከመሠረታዊ የመሬት ካርታዎች በቀር አንድ ዓይነት ካርታ ከ4 በላይ ማስገባት አይፈቀድም። ተጫዋቹ 20 የሕይወት ነጥብና 7 ካርታ ይዞ ይጀምራል። ነጥቡ ያለቀበት ተሸነፈ።

እንግዲህ ግማሹ ጨዋታ የሚያልቀው ገና ሳይጀመር፣ ዴኩ ሲሠራ ነው። ጀማሪ የሚሳሳተው በመሬቱ ላይ ነው። “መሬት” የሚባለው ካርታ “ማና” የተባለውን ኃይል ያወጣል፤ ሌላው ሁሉ የሚከፈለው በዚያ ነው። ከ60ው 24ቱ መሬት ከሆኑ በመጀመሪያዎቹ 7 ካርታዎች ውስጥ በአማካይ 2.8 መሬት ይገኛል። 12 ብቻ ከሆኑ 1.4 ይሆናል፤ ያኔ ተጫዋቹ እጁ ላይ ሠራዊት ይዞ ቀለብ ያጣ የጦር አዝማች ማለት ነው።

ቀጥሎ ሽኮኮዎቹ ይመጣሉ። አንድ ተራ ሽኮኮ ጉልበቱ 1፣ ጽናቱም 1 ነው። ብቻውን ከንቱ ነው። ስለዚህ የሽኮኮ ዴክ የሚቆመው በአራቢዎቹ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው “ዲሬንጅድ ኸርሚት” የተባለ ባሕታዊ በ5 ማና ሲወርድ 4 ሽኮኮ ይዞ ይመጣል፤ እርሱ እስካለ ድረስም ሽኮኮ ሁሉ በጉልበትም በጽናትም አንድ አንድ ይጨመርለታል። በሚቀጥለው ተራ ግን 5 ማና ዳግመኛ ካልተከፈለለት ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው “ቻተርፋንግ” የሽኮኮዎች ጄኔራል ነው። በእርሱ ፊት አዲስ ምልክት በተፈጠረ ቁጥር ያንኑ ያህል ሽኮኮ ይታከላል።

ሁለቱን እናጋጥማቸው። ቻተርፋንግ ተቀምጦ ባሕታዊው ሲመጣ 4 የነበሩት ሽኮኮዎች 8 ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ጉልበት 2 ስለሚሆን በድምሩ 16 ነው። ቻተርፋንግም ራሱ ሽኮኮ ስለሆነ 3 የነበረው ጉልበቱ 4 ይሆናል። 16 እና 4፣ 20! በሚቀጥለው ተራ ለባሕታዊው ተከፍሎለት ሁሉም ቢዘምቱና የሚመክታቸው ባይኖር፣ የባላጋራው ሙሉ ሕይወት በአንድ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይኸው ነው።

ነገር ግን ድሩን የሚያቃጥል እሳትም አለ። “ፓይሮክላዝም” የተባለ የ2 ማና ካርታ በገበታው ላይ ባለ ፍጡር ሁሉ ላይ 2 ጉዳት ያደርሳል፤ ስምንቱም ሽኮኮዎች በአንድ ትንፋሽ ይረግፋሉ። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አያወርድም፤ አንድ አራቢ እጁ ላይ ያስቀራል። እኔ የመከርኩት ክፍፍል 24 መሬት፣ 20 አራቢ፣ 8 አበርቺ፣ 8 ደግሞ የባላጋራን ካርታ የሚያስወግድ ወይም ተጨማሪ ካርታ የሚያስስብ ነው። “ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ዘንዶስ ምን ላድርገው?” አለኝ። ተወው አልኩት። ዘንዶው ማማሩ አይካድም፤ ግን የገባበት ቦታ ሁሉ ሽኮኮ የወጣበት ቦታ ነው። ያለውን መከራከሪያ ሁሉ በአንድ አቤቱታ የሚያጭቅ ጠበቃም ዋናውን ነጥብ የሚያደክመው በዚሁ መንገድ ነው።

ሕግ ለተማረ ሰው ጨዋታው ሌላም ደስታ አለው። ካርታው የሚለው ከጠቅላላው ደንብ ጋር ከተጋጨ ካርታው ይበልጣል፤ ልዩ ሕግ ጠቅላላውን ያሸንፋል እንደምንለው። “ይቻላል” እና “አይቻልም” ሲጋጩ ደግሞ “አይቻልም” ይረታል። ክፍተት ሲገኝም ይደፈናል። “ስኩረል ኔስት” በመሬት ላይ ሲለጠፍ መሬቱ ሽኮኮ ያወጣል፤ “ኧርዝክራፍት” ደግሞ ያ ሽኮኮ መሬቱን መልሶ ለሥራ እንዲያዘጋጅ ያደርጋል። ሁለቱ ሲገናኙ ሽኮኮው ማለቂያ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2004 “ሌጋሲ” የተባለው የውድድር ዓይነት ሲመሠረት “ኧርዝክራፍት” ከታገዱት አንዱ ሆነ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የታሸገው እሽግ ውስጡ አይታይም፤ ሽኮኮ ፈልጎ ዓሣ ሊያገኙበት ይችላሉ። ይህ በእኔ ዓይን ከሎተሪ ብዙም አይርቅም። የሚፈለገው ካርታ ተለይቶ ከታወቀ በነጠላ መግዛት ይሻላል። ከዚያም በፊት በወረቀት መሞከር ይቻላል። ይፋዊ ውድድር እውነተኛውን ካርታ ይጠይቃል፤ በክፍል ውስጥ ለመማማር ግን የካርታውን ስምና ዋጋ በእጅ ጽፎ መጫወት ይበቃል። ሥዕሉን አባዝቶ መሸጥ ሌላ ጉዳይ ነው። የቅጅ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ይጠብቃል፤ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ግን አያጥርም። ስለዚህ ተማሪዎቹ የሚያውቋቸውን የቆላ እንስሳት ራሳቸው ሥለው፣ የራሳቸውን ጨዋታ ቢፈጥሩ የሚከለክላቸው የለም።

ሽኮኮዎቹን ለመወከልም ከውጭ የሚመጣ ነገር አያስፈልግም። በካርታ አራቢነት የሚፈጠሩት ሽኮኮዎች ከ60ው ውስጥ አይቆጠሩም፤ ማንኛውም ምልክት ሊቆምላቸው ይችላል። የገበጣ ጠጠር ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ብቻ የዘመተውና ያልዘመተው እንዳይምታታ በሁለት ረድፍ ይለዩ።

ለእህቴ ልጅ የላክሁለት መልስ ይኸው ነው። እሽግ አልገዛሁለትም። 60 ወረቀት ቆርጦ፣ ከሐሙስ ገበያ መልስ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ደርዘን ጊዜ ይሞክረው። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ካርታ በስሙ ጠርቶ ቢጠይቀኝ፣ ያን ጊዜ ኪሴን እፈትሻለሁ።