ተጨማሪ መረጃ፦ ፓይፕሮጅን ስለ መጫን

የአገራችን ባለ 1፡50,000 ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለው የልኬት መሠረት ላይ ስለ ሆነ፣ በዛሬው የሳተላይት መሣሪያ የተገኘው የአንድ ደብር ኬክሮስና ኬንትሮስ ሳይለወጥ በካርታው ላይ ቢሰፍር፣ ነጥቡ ከእውነተኛው ስፍራ ከ100 ሜትር በላይ ይርቃል። ሁለቱን ልኬቶች የማስታረቁን አድካሚ ስሌት የሚፈጽመው ጄራልድ ኢቨንደን በአሜሪካ የጀመረው ፕሮጅ የተባለው ላይብረሪ ሲሆን፣ ይህንኑ ለፓይተን ቋንቋ የሚያቀርበው ፓይፕሮጅ ነው።

ተማሪው አስቀድሞ ለሥራው የተለየ የፓይተን ከባቢ ያዘጋጅና «ፒፕ ኢንስቶል ፓይፕሮጅ» የሚለውን ትእዛዝ በላቲን ፊደል ይጻፍ፤ ተጠናቅሮ የሚወርደው ጥቅል ፕሮጅን ራሱንና «ፕሮጅ ዲቢ» የተባለውን የመረጃ ቋት አካትቶ ስለሚመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ድካም አያሻም። ነገር ግን ፓይፕሮጅ ከዚህ ጥቅል ውጭ፣ የራሱን ቋት ሳይዝ ተጭኖ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይም ሌላ የካርታ ሶፍትዌር የራሱን ፕሮጅ አስቀድሞ ጭኖ፣ «ፕሮጅ ዳታ» ወይም በቀድሞ ስሙ «ፕሮጅ ሊብ» የተባለው የሥርዓት ተለዋዋጭ ወደዚያ ወደ አሮጌው ቋት የሚያመለክት እንደ ሆነ፣ ፓይፕሮጅ ባዕድ ቋት ከፍቶ ይሰናከላል፤ ስለዚህ ጀማሪው ላይብረሪውን ደጋግሞ ከመጫን ይልቅ ይህን ተለዋዋጭ አስቀድሞ ይመርምር፤ ብዙ ትጉሃን ተማሪዎች በከንቱ የሚደክሙት በዚህ ነውና።

ለፈተና ያህል የሳተላይት መሣሪያው ልኬት መለያ ቁጥር ከሆነው ከኢፒኤስጂ 4326 ወደ 20137፣ ይኸውም ወደ አዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ የአዲስ አበባን ነጥብ ይለውጥ፤ 4326 ኬክሮስን የሚያስቀድም በመሆኑም፣ ኬንትሮስን ማስቀደም የሚሻ ሁሉ «ኦልዌይስ ኤክስ ዋይ» የሚለውን ምርጫ «ትሩ» ያድርግ።