በቤትና በአጥር መካከል ያለው ጠባብ ቦታ ለጓሮ ልማት

በሰሜን ወሎ ዞን ራያ ቆቦ ወረዳ በምትገኘው ሮቢት በመኖሪያ ቤትና በአጥር መካከል የሚቀረው ጠባብ ቦታ በአግባቡ ከተያዘ ለጓሮ ልማት ይውላል።

የአካባቢው አርሶ አደሮች ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳቸው በመጥለፍ ማሽላና ጤፍ ያለማሉ። ይኸው ዘዴ በጥቂቱ ለግቢም ያገለግላል። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ40 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲጥል እስከ 400 ሊትር ውኃ ይወርዳል። ውኃው ከግድግዳ ሥር ከተጠራቀመ የጭቃ ቤትን መሠረት ይሸረሽራል፤ በአሸንዳ ተጠልፎ በበርሜል ከተያዘ ግን ተክል ያጠጣል።

በመሆኑም መሬቱን ከግድግዳው ወደ አጥሩ እንዲያዘቀዝቅ ማስተካከል፣ መተላለፊያውን ጠጠር ማልበስ፣ በአጥሩ ጥግ ድርቅ የሚቋቋመውን ሽፈራውና ፈጥኖ የሚያፈራውን ፓፓያ መትከል ይጠቅማል። ሥራቸው የሚንሰራፋ እንደ ዋርካ ያሉ ዛፎች ግን መሠረት ስለሚጎዱ ከቤት ሊርቁ ይገባል።