ያውቁ ኖሯል? «አሁንስ አመመህ?» ማለት ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል

ሰኞ ጠዋት ዩኒፎርሙን እንደለበሰ «ሆዴን!» የሚል ልጅ ሁልጊዜ አስመሳይ አይደለም። አንጎልና አንጀት በነርቭ የተሳሰሩ ስለሆኑ ጭንቀት የሚቀሰቅሰው ቁርጠት የእውነት ያማል።

ለእንዲህ ያሉ ልጆች የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይሰጣል። ልጁ በረጅሙ መተንፈስን፣ ጡንቻን ማላላትን፣ «ክፍል ውስጥ ቢያመኝስ?» የሚል ስጋቱን መሞገትን ይለማመዳል። የሚገርመው ግን ወላጅም አብሮ መሠልጠኑ ነው። ለምን ቢሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በታተመ ጥናት ልጆች ሆዳቸው እስኪሞላ ውሃ እንዲጠጡ ተደረገ። ወላጅ ስለ ሕመሙ እየጠየቀ ሲያባብል፣ የልጆቹ «አመመኝ» ማለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሌላ ጨዋታ ሲያመጣላቸው ግን በግማሽ ቀነሰ። ሆዳቸውን በተደጋጋሚ የሚያማቸው ልጆች ወላጆች ጨዋታ መቀየሩ ልጁን የሚጎዳ መስሏቸው ነበር። ልጆቹ ግን «ተሻለን» አሉ! (የእኛ እናቶች ይህን ለመቀበል ሳይከብዳቸው አይቀርም።)

ታዲያ ከዚህ ሁሉ በፊት የሰገራ ምርመራ ይቅደም፤ ጃርዲያና የአንጀት ትላትል በአገራችን ብርቅ አይደሉም። ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ልጁን ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት።